አያ ማሩ የተረቱብኝ ተረት

ልጅ እያለሁ፣ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ውስጥ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ራቱን በልቶ የሚሰበሰበው ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ማሩ ግቢ ነበር። ያኔ መብራት ስላልነበረ፣ ለትንኝ ተብሎ የሚጤሰው የሰሊጥ ገለባ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ አንዲት ኩራዝ ከበን ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ እሳቸው በገመድ በተጠለፈው አንገረብ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ያወራሉ። አገሩ ሁሉ ተረት አዋቂ ይላቸዋል። እኔ የማውቃቸው ግን ሰው ይሳቅላቸው እንጂ ለዘመድ የማይራሩ ሰው ሆነው ነው።

የጅቡን ድምፅ ሲያወጡ ጆሮዬን እይዛለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኑን ማየት አልችልም። ተረቱን ከትናንቱ ለወጥ ካደረጉት ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ «ትናንት ጅቦቹ አራት ነበሩ» እላለሁ። አንድ ምሽት እርማቴ ሳይሰለቻቸው አልቀረም፣ ኩራዟን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና አዲስ ተረት ጀመሩ። ጅኒ ከማሽላ ማሳ ውስጥ ሕፃን ሰርቆ የራሱን ልጅ ተክቶ ሄደ አሉ። የጅኒ ልጅ በምን ትታወቃለች? የሰው ዓይን አታይም፣ ድምፅ ትፈራለች፣ ያየችውን ሁሉ ትቆጥራለች። ልጁ ሁሉ ዞሮ አየኝና በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን አመንኳቸው። ያኔ ትልቅ ሰው የሚናገረው ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት አልሄድኩም። ከከተማው ጫፍ ካለ የማሽላ ማሳ ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ ጅኒውን ጠበቅሁ። ሐሳቤ እኔን ወስዶ ለእናቴ የራሷን ልጅ እንዲመልስላት ነበር። ያ የቆላ ፀሐይ አናቴን ሲመታኝ ዋለ፤ ውሃ አልያዝኩም። ሊመሻሽ ሲል አንድ የትራክተር ሾፌር ወድቄ አገኘኝና ተሸክሞ አመጣኝ። እናቴ ከንፈሬን በውሃ እያራሰች «እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ስትለኝ፣ «ልጅሽ እንድትመጣልሽ» አልኳት። እንደዚያ ቀን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

አያ ማሩስ ምን አደረጉ? ሳምንት ሳይሞላ ማሳውንም ሾፌሩንም ከተረቱ ውስጥ ጨመሯቸው። ለሳቃቸው የሚሆን ጥሩ መጨረሻ ሰጠኋቸው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ሰው መምሰል ስለማመድ ኖርኩ። ዓይን ማየት ሲያቅተኝ ቅንድብ አያለሁ፤ ሌላው ሲስቅ ጠብቄ እስቃለሁ። ገንዳ ውሃ ከተማ ቢሮ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ባለፈው ዓመት ልጄን ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ኦቲዝም መሆኑን አስረድታኝ ስታበቃ «አንቺስ በልጅነትሽ እንዴት ነበርሽ?» አለችኝ። ተመላልሼ፣ ብዙ ጠይቃኝ፣ እኔም እንደ ልጄ መሆኔን ነገረችኝ። ወጥቼ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። የተሰማኝ ሐዘን ይሁን እፎይታ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሁለቱም ሲያልፉ የቀረኝ ለአያ ማሩ ያደረብኝ ንቀት ነበር።

ልጄን ይዤ ኮኪት ሄድኩ። አያ ማሩ አርጅተዋል፤ ወጣቶች ከበው በሞባይል ይቀርጿቸዋል። አንቱታዬን ሳላጓድል ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ያኔውኑ ለይቼሽ የለም?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ሐኪም ያላወቀውን!»

«እርስዎ የለዩት የሚሳቅባትን ልጅ ነው» አልኳቸው። «ማሳው ውስጥ ልሞት ነበር።»

«አይ ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ስንት ሰው ስቆበታል!»

ወደ ልጄ ዘወር አሉ። «ና እስቲ አንተ፣ ጅኒ ስለተካት ልጅ ላውጋህ።»

የልጄን እጅ ይዤ ተነሳሁ። «ይችን ለእሱ አያወሯትም። አፍዎን ይሰብስቡ።» ወጣቶቹ ሞባይላቸውን ዝቅ አደረጉ።

መንገድ ላይ ልጄ «ሰውዬው አሟቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይ፣ ጤነኛ ናቸው» አልኩት።

የሰፈራችን ሰዎች ዛሬም እነዚያን ምሽቶች በናፍቆት ያነሷቸዋል። እኔ ዘንድ የቀረችው ግን ማሽላ ውስጥ ቁጭ ብላ ለእናቷ የተሻለ ልጅ የምትጠብቅ ሕፃን ናት። አያ ማሩን መናቅ አልከበደኝም። የሚቆረቁረኝ ያንን ታሪክ እኔው ራሴ በየቢሮውና በየሠርጉ እያወራሁ፣ «ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ» እያልኩ ሰው ማሳቄ ነው።