ላላደርንበት ቤት ማር

ልጅ ሳለሁ ባሕሩ የነበረው መቱ ነው፤ እኛ ቤት፣ ከምድጃው በስተግራ፣ ጋሼ ተክሌ በሚቀመጡበት በርጩማ ዙሪያ። ክረምት ሲገባ ይመጣል፣ በጋ ሲሆን ይደርቃል። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን ዛሬም ባሕር ሲባል መጀመሪያ የሚሸተኝ ጨው አይደለም፤ የእርጥብ እንጨት ጭስ ነው።

*

የቤታችን ግማሹ ሳር፣ ግማሹ ቆርቆሮ ነበር። አባቴ የቡና ነጋዴ ነበርና ቆርቆሮ በተገኘ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ጣሪያውን ያለብስ ነበር። ዝናብ ሲወርድ ግን በቆርቆሮው ሥር ሰው ሰውን አይሰማም። ስለዚህ የክረምት ጨዋታ ሁሉ በሳሩ በኩል ነበር፤ ያኔ ፋኖሱ ዝቅ ተደርጎ ይሰቀላል፣ ፍሙ ይቆሰቆሳል፣ እኔ ከእናቴ ጭን ሥር እጋደማለሁ፣ እሷም እያዳመጠች እግሬን በመዳፏ ይዛ ታሞቅልኛለች።

ጋሼ ተክሌ የእናቴ አጎት ናቸው። በጉልምስናቸው የነጋዴ አስተርጓሚ ሆነው ከጎሬ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ በመርከብ ባሮን ይዘው ሱዳን፣ ከዚያም በባቡር እስከ ወደቡ ሦስት ጊዜ ወርደዋል። ከተማው ስም ነበረው። እኛ ግን «ወደቡ» ብቻ ነበር የምንለው፤ በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለንም ነበር። የሌላ ቤት ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይተርታል። የእኛው ስለ ሁለት ሆቴሎች።

*

የሰገነቱ ቤት፦ የአንዲት ግሪካዊት መበለት ነው። ሁለት ፎቅ፣ እንጨት፣ ነጭ ቀለም። ሰገነቱ ውሃው ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ሌሊት ተኝተህ ባሕሩ ከአልጋህ ሥር ሲልስ ትሰማዋለህ። መጋረጃው ነፋስ ሲገባበት ሆዱን ይነፋል፣ ሲወጣ ከመስኮቱ ይጣበቃል። መበለቲቱ እንግዳዋን ራሷ በር ድረስ ወጥታ ትቀበላለች።

የደረጃው ቤት፦ ከሱ ማዶ፣ አሸዋው መጨረሻ ላይ ነው። አርባ የድንጋይ ደረጃ አለው። ጣሪያው ላይ ያለ ሰው እጅ የሚዞር ክንፍ አለ። ከግድግዳው የሚቀዳ ሙቅ ውሃ አለ። ቀይ መቀነት የታጠቁ አሳላፊዎች በብርጭቆ ውስጥ በረዶ ያመጣሉ።

«በረዶ?» ትላለች የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች፣ ጥጥ መፍተሏን ሳታቆም። «እኛ ላይ በየሰኔው በነጻ ይወርድ የለ።»

እናቴ አትስቅም። ያደገችው ሶር አጠገብ፣ ፏፏቴው ቀንና ሌሊት በሚሰማበት መንደር ነው። አንድ ምሽት የባሕሩ ድምፅ እንደ ሶር እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ተክሌ ብዙ አሰቡ።

«አይደለም» አሉ። «ሶር ወድቆ ይሄዳል። ያ ግን ይሄድና ይመለሳል።»

ያኔ ነበር የእናቴ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬን የለቀቀው። እግሬ ቀዘቀዘ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ወደ ፍሙ እያየች ነበር፣ ግን ፍሙን አልነበረም የምታየው።

*

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ጎሬ የሚኖረው የውጭ አገር ሰው፣ የቡና ገዢው፣ አባቴን ወደቡ ድረስ ወርዶ ቡናው ሲራገፍ በዓይኑ እንዲያይ ጋበዘው። አባቴ ባለቤቴም ትመጣለች አለ። ገዢው ደስ አለው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀው፤ ከሁለቱ ሆቴሎች በየትኛው እንደሚያርፉ። ስሙን ጳጉሜ ሳያልቅ ከላኩለት በሚወርደው መርከብ ጽፎ ክፍል ያስይዛል፤ እነሱ በመስከረም በሚወርደው የመጨረሻ መርከብ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ባሮ ይጎድላል፣ እስከ ሌላው ክረምት መርከብ አይመጣም።

አንድ ስም። ሌላ ምንም።

እትዬ ዘነበች ለምን እንደሚሄዱ ማወቅ ፈለገች። ለንግድ ከሆነ ሴት ምን ትሠራለች፤ ለጠበል ከሆነ የማን ጠበል ነው፤ ለለቅሶ ከሆነ የሞተ ዘመድ አልተነገራትም። እናቴ መልስ ስትሰጥ ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«ለማየት።»

«አይቶ ለመመለስ ሁለት ወር?»

«አዎ።»

«ደግሞ ከፍለሽ ልታድሪ! እንግዳው ከከፈለ፣ ባለቤቱ ምኑን ነው ያስተናገደው?»

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። እሱንም ሳይቆጠቁጠው አልቀረም።

*

ሁለት ወር የሚለውን ሰምቻለሁ። እኛ ልጆቹ ከእትዬ ዘነበች ጋር እንደምንቀርም ሰምቻለሁ። ሌላው ሁሉ ለእኔ ተረት ነበር፤ ይህ ግን ተረት አልነበረም።

በየምሽቱ ምርጫው ይነሣል። አባቴ ወደ ደረጃው ቤት ያዘነብላል፤ አርባ ደረጃ ወጥቶ የገባ ሰው ተከብሮ ገባ ይባላል ይላል። እናቴ ሰገነቱን ትላለች። በር ላይ የምትቀበል ሴት ባለችበት ቤት ማንም አይጠፋም፤ ሌሊትም የሚመለሰውን ውሃ ተኝታ ትሰማዋለች። አባቴ ይሁን ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ከጭኗ ሥር እጠይቃለሁ።

«ጋሼ፣ የደረጃው ቤት መስተዋትስ?»

ጋሼ ተክሌ መጠየቅ ይወዱ ነበር። ስለ መስተዋቱ ይጀምራሉ፤ ሰው ከጫማው እስከ ጥምጣሙ በአንድ ጊዜ የሚያይበት መስተዋት። መስተዋቱ ወደ ኮሪደሩ፣ ኮሪደሩ ወደ አትክልቱ ቦታ ይወስዳቸዋል። ፋኖሱ ያጤሳል፣ ፍሙ አመድ ይለብሳል፣ ምርጫው ለነገ ያድራል። በማግስቱ እናቴ ወደ ሰገነቱ ስትመልሳቸው ስለ ክንፉ እጠይቃለሁ። በሌላው ቀን ስለ ሙቁ ውሃ። ሐምሌን በዚህ ጨረስሁት። ማንም አልጠረጠረኝም፤ ልጅቷ ባሕር ወደደች ተባለ እንጂ።

*

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አባቴ ተሸነፈ። የሰገነቱ ቤት ይሁን አለ። ጋሼ ተክሌ እጃቸውን አጨበጨቡ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ ግን እንደዚያ ሲያበራ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁትም።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነበር። ክፉ አልመሰለኝም ነበር፤ እንደ ሌሎቹ አንድ ምሽት ብቻ የሚያዘገይ መስሎኝ ነበር።

«የደረጃው ቤት ሰዎችስ አይቀየሙንም?»

ዝናቡ ብቻ በቆርቆሮው በኩል ይሰማ ነበር።

በእኛ አገር መንገደኛ የአንዱን ወዳጅ ደጅ አልፎ ሌላው ቤት ካደረ፣ የታለፈው ሰው እስከ ፋሲካ አያናግረውም። አባቴ ከኖፓ እስከ ጎሬ ቡና ሲሰበስብ የኖረው ይህን ሕግ ሳያፈርስ ነው። አንዱ ዘንድ ሲያድር ለሌላው ሰላምታና ስጦታ ይልካል። አሁን ራሱን ያዘ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስለዚያ ቤት ስናወራ፣ አልጋውን ስናማርጥ፣ በረዶውን ስንጠጣ ከርመን፣ በመጨረሻ በደጁ አልፈን ልንሄድ!

እትዬ ዘነበች ልጅቷ ከሁላችን ትበልጣለች አለች።

ተወሰነ። ለሰገነቱ ቤት የእንግድነት ደብዳቤ፣ ለደረጃው ቤት የይቅርታ ደብዳቤ። ከሁለቱም ጋር ነጭ ማር፣ ለባሕር ሰው የሚገባ ማር፣ ከዳሪሙ። እናቴ ስሙ ቀድሞ ቢሄድ፣ ማሩ ቢከተልስ አለች።

«ማሩ ሳይደርስ ስማችን ከደረሰ» አለ አባቴ፣ «ንቀውን ሄዱ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ማሩ ጉቦ ነው።»

*

ወደ ዳሪሙ የሄዱት ኦቦ ገለታ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር የሚሠሩ፣ ቀፎ የሚያውቁ ሰው። ማሩ ባሕር ዳር ላሉ ሰዎች መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ። ባሕርን በኦሮምኛቸው ገላና ይሉታል።

«ገላና ዳር ያለ ሰው ማር የለውም እንዴ? ምስኪን» አሉና ሄዱ።

ወንዝ ሞላባቸው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ጳጉሜ ገባ፣ ወጣ። እንቁጣጣሽ ሆነ፤ እናቴ የእግረኛ ድምፅ በሰማች ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሣ ነበር። የመንገድ ልብሷ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማታ ማታ ጋሼ ተክሌ ሲጀምሩ እኔ ጥያቄ አልጠይቅም፤ አያስፈልግም ነበር።

ኦቦ ገለታ የደረሱት ከመስቀል በኋላ ነው። አባቴ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱን ማሰሮ በቅሎው ላይ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ወደ ጎሬ ገሠገሠ። በሦስተኛው ቀን በካፊያ ተመለሰ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቱን ከማየቷ በፊት ማሰሮዎቹን አየች፤ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሄዱ።

ገዢው ስሙን ሳይሰማ ሲቀር ሐሳባቸውን የተዉ መስሎት ነበር። ቡናውን ጭኖ በመጨረሻው መርከብ ወርዷል።

«ገብተው ይሞቁ» አለችው እናቴ።

የታጠፈውን የመንገድ ልብሷን ከሳጥኑ ላይ አነሣች።

*

በሚቀጥለው ክረምት ወንድሜ ተወለደ። በሌላው አባቴ እግሩን ታመመ። ከዚያ ዘመኑ ራሱ ተለወጠ፤ ጦርነት መጣ፣ ገዢውም ወደ አገሩ ሄደ። ጋሼ ተክሌ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ወደቡ አወሩ፤ ያኔ ግን እናቴ አንድም ነገር አትጠይቃቸውም ነበር። እጇም ከእግሬ ላይ ለአፍታ አልተነሣም። ጨዋታው እስኪያልቅ፣ እስከ መጨረሻው እግሬ ሙቅ ነበር።

የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

*

አድጌ ከመቱ ወጣሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከተማ ከከተማ፣ ክፍል ከክፍል፣ ሥራ ከሥራ ስቀያይር ኖርሁ። ካቻምና ሥራዬ ወደዚያው ወደብ እንድሄድ አዘዘኝ። የት እንደማርፍ የምሞላበት ወረቀት ሰጡኝ። ሁለት ስም ተጽፎበት ነበር። በአንዱ ላይ ምልክት ለማድረግ የፈጀብኝ እስክሪብቶ የመክፈት ያህል ጊዜ ነው።

ለእናቴ ልነግራት መቱ ሄድሁ። አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ጥያቄዎቹን፣ መስተዋቱን፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ለምን እንደጠየቅሁ ያን ጊዜ ተናዘዝሁላት። ሰማችኝ። ተነሥታ ከጓዳ ነጭ ማር በጠርሙስ ይዛ መጣች፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«ላላደርሽበት ቤት ስጪልኝ» አለች።

*

በሰገነቱ ቤት አደርሁ። መበለቲቱ ከሞተች ቆይታለች። መጋረጃው እንደተባለው ሆዱን ይነፋል። በማግስቱ አሸዋውን አቋርጬ ወደ ደረጃው ቤት ሄድሁ። ደረጃው አርባ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ነው። ከመዝገቡ ኋላ የቆመው ሰውዬ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ የክፍሌን ቁጥር ጠየቀኝ። ክፍል የለኝም አልሁት። እናቴ የላከችው መሆኑን፣ በደጃቸው አልፈን ሌላ ቤት በማደራችን ይቅርታ እንደምንጠይቅ በማውቃት ትንሽ ዐረብኛ አስረዳሁት።

«መቼ ነበር የመጣችሁት?» አለ።

«አልመጣንም» አልሁት።

ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

*

ስመለስ በቀጥታ መቱ ገባሁ። ቤቱ አሁን ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ስለነበረ ዝናቡ ሲወርድ ዝም እንላለን፣ ሲያባራ እቀጥላለሁ፤ ባሕሩን የነገርኳት በቁርጥራጭ ነው። ስለ ሰገነቱ፣ ከአልጋዬ ሥር ስለሚልሰው ውሃ።

«ይመለሳል?» አለች።

«ይመለሳል፣ እማ።»

ራሷን ነቀነቀች። ፍሙ አመድ ለብሶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ልተኛ ብዬ ብድግ አልሁ።

«የደረጃው ቤት መስተዋትስ?» አለች።

ተቀምጬ ነገርኋት። እንደገና ስነሣ ስለ ክንፉ ጠየቀችኝ። ከዚያ ስለ በረዶው። ድምፅዋ ተራ ድምፅ ነበር፤ ፊቷን ወደ ፍሙ አዙራ ነበር። እጇ ግን የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ነበር፣ እንደማታውቀው ሆና፣ ጥብቅ አድርጎ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ሁሉ ክረምት ምን ቀረ ብባል፣ ሁለት ሆቴል አልልም፣ ባሕርም አልልም፤ ሊሄድ የተነሣ ሰው በጥያቄ እንደሚያዝ ከሁለታችን ማን ከማን እንደተማረ አለማወቄ ነው።

ስለ አትክልቱ ቦታ ጠየቀችኝ። አትክልት ቦታ አልነበረም፤ እኔ ግን አበባውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት።

ጎህ ሳይቀድ መኪናው ጡሩንባውን ነፍቶ፣ ነፍቶ ሄደ። ሁለታችንም ሰምተነዋል፤ ማናችንም አልተነሣንም።