ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጋሻ

ከተማይቱ በየማለዳው የምትከፈተው በአንድ ሰው መዳፍ ነበር። ትልቁ የድንጋይ በር ቁልፍ የለውም፣ መቀርቀሪያም የለውም። በስተቀኝ በኩል፣ በሰው ደረት ቁመት ላይ፣ ከዘመን ዘመን እጅ ሲያርፍበት የሰረጎደ ቦታ አለ። የአንድ ዘር ልጅ መዳፉን እዚያ ላይ ሲያሳርፍ በሩ ያጉረመርምና ይከፈታል፤ ወይም ይዘጋል። ሌላ ሰው ቢሞክር ግን ድንጋይ ታቅፎ ይውላል እንጂ የሚያገኘው ነገር የለም። ስለዚህ የዚያ ዘር ሰው በሰላም ጊዜ በረኛ፣ በጦርነት ጊዜ የጦር አዛዥ ነው። ሕዝቡ "የበሩ ጌታ" ይለዋል። ጌትነቱ ግን አብዛኛው ማለዳ መነሳት ነው።

በዚህ ታሪክ ጊዜ የበሩ ጌታ የነበሩት አዛዥ ሸምግለዋል። ሲነጋ ይነሳሉ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ሳፋ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ውሃው ሞቆ እንደሆነ የሚፈትኑት በግራ እጃቸው ነው። ቀኙ ከጦርነቱ ወዲህ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም። አንድ ጊዜ የጋለ ማንቆርቆሪያ በመዳፋቸው ይዘው በዝግታ ወደ ገበታው ሲሄዱ፣ ጮኻ ያስጣለቻቸው ልጃቸው ናት። ቆዳቸው ተልጦ ነበር። ሐኪሙ እያገላበጠ አይቶ፣ "ጌታዬ፣ ይህ እጅ ሞቷል" ሲላቸው፣ የጎረቤት በሬ ሞተ እንደተባለ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሩ ሥር ጉጉት ይጠብቃቸዋል። ጉጉት ቅጽል ስም ነው፤ ዓይኑ ትልልቅ ስለሆነና ዕድሜውን በሙሉ በቅጥሩ አናት ላይ ሆኖ ሲያይ ስለኖረ የወጣለት። አሁን ጉልበቱ ደረጃ አላወጣው ብሎ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባል።

"አረፈዱ ጌታዬ" አላቸው አንድ ጠዋት። "ከውጭ ያሉት ባለጋሪዎች ሲሰድቡኝ ነው የነጋው።"

"እኔንስ?"

"እርስዎን በሹክሹክታ ነው። ትልቅ ሰው ስለሆኑ።"

አዛዡ አልሳቁም። አልተቆጡምም። መዳፋቸውን አሳረፉ፣ በሩ አጉረመረመና ተከፈተ፣ ጋሪዎቹ እየተንጓጉ ገቡ። ከባለጋሪዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳቸው። ከተማይቱን ያዳኑ ሰው ናቸውና።

ማዳናቸው እንዲህ ነበር። በጦርነቱ ከባሕር ማዶ የመጣው ጠላት እሳት የሚተፉ ባለ ክንፍ ዘንዶዎች ነበሩት። የከተማይቱ ጦር ሜዳ ላይ ተሸንፎ ሲያፈገፍግ፣ የአዛዡ የእህት ልጅ ጥቂት ሰዎች ይዞ ወደ ኋላ ቀረና ጠላትን እየመከተ ሌላው ሁሉ እንዲገባ አደረገ። ሌላው ሁሉ ገባ። በመጨረሻ የኋላ ጦሩ ራሱ በድልድዩ በኩል ሲሮጥ ታየ። ጋሻቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘዋል። ከበስተጀርባቸው፣ ገና ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ዘንዶ ዝቅ ብሎ ይመጣል። አዛዡ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ፊት መለየት ይቻል ነበር። የእህታቸው ልጅ አያቸውና፣ "አጎቴ! ደረስን!" አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት።

አዛዡ ዘጉት።

እሳቱ በሩ ላይ ሲያርፍ ድንጋዩ ጋለ፣ እጃቸው ግን አልተነሳም። ከተማይቱ አልተቃጠለችም። ጠላትም በሩን መስበር አቅቶት ክረምት ሲገባ ተመለሰ።

የመኳንንቱ ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ ሊቀመንበሩ፣ "የኋላ ጦሩ ሸሽቶ ጫካ ገብቷል፣ እርስዎም በባዶ መንገድ ላይ ነው የዘጉት፤ እንደዚህ አይደለም?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። አዛዡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘንዶው እየመጣ ነበር ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር ይሆናል። ግን ዘንዶው የት ነበር? ሰዎቹስ የት ነበሩ? ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። ያ ጥያቄ ከመጣ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ጊዜ ነበር። ሁሉም ገብተው በሩ ለመዘጋት የሚበቃ ጊዜ ነበር። አዛዡ የዘጉት ፈርተው ነው።

በዚያ አገር በጦርነት የሞተ ወታደር ጋሻ በጦር ቤቱ ትልቅ አዳራሽ ይሰቀላል፤ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ። የሸሸ ሰው ጋሻ ግን ፊቱ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባው ወደ ሰው ይሆናል። ከመንገዱ የተለቀሙት የኋላ ጦሩ ጋሻዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተሰቀሉ። በእነርሱ ፊት አበባ ማስቀመጥ አይፈቀድም፣ ቆሞ ማልቀስም አይፈቀድም። መቀመጥ ግን ማንም አልከለከለም። ስለዚህ የሟቹ እናት፣ የአዛዡ ታላቅ እህት፣ በርጩማቸውን ይዘው እየመጡ በልጃቸው ጋሻ ጀርባ ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። የጋሻውን ማንገቻ ቆዳ የሰፉት ራሳቸው ነበሩ። ስፌታቸውን ሲያዩ ይውላሉ።

"ልጄ ሸሸ?" ብለው ወንድማቸውን የጠየቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አዛዡ ያን ጊዜ፣ "በሩን የማስረክብበት ቀን ይመጣል እትዬ፤ ያኔ በሩ ይናገራል" አሏቸው። ይህን ያሉት ለማምለጥ አልነበረም። አምነውበት ነው። በዚያ አገር የበሩ ጌታ ሲሸመግል በሩን ለወራሹ ሲያስረክብ፣ ሁለቱም መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ደራርበው አኑረው፣ አስረካቢው በሩ ለመጨረሻ ጊዜ በጦርነት የተዘጋበትን ምክንያት በሕዝብ ፊት መናገር አለበት። ውሸት ከተናገረ ድንጋዩ ለወራሹ አይንቀሳቀስም ይባላል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እህታቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ ጠበቁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ብቻ ይህኛው ሌሊት ረዘመ።

የርክክቡ ቀን ዋዜማ እህታቸው ወደ ቤታቸው መጡ። በርጩማቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን አሹ።

"ማሙሽ" አሏቸው። የከተማይቱን አዳኝ ማሙሽ ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው በሕይወት አልቀረም። "ነገ ነው አይደል?"

"ነገ ነው እትዬ።"

"ምን ልትል ነው?"

"የምለው ምን ለውጥ ያመጣል? እኔ እጄን አሳርፋለሁ። የቀረው የድንጋዩ ሥራ ነው።"

"ምነው ከመስኮቱ ሥር ቆመህ ዞር አልክብኝ? ከልጅነትህ ጀምሮ ጥፋት ስታጠፋ ግድግዳ ነው የምታየው።"

አዛዡ ዞር ብለው አዩዋቸው። ምንም አልተሰማቸውም። ሊሰማቸው እንደሚገባ ያውቃሉ፤ የት ቦታ ሊሰማቸው እንደሚገባም ያውቃሉ፤ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ግን እንደ መዳፋቸው ነው።

"ድንጋዩን ካመንከው እኔም አምኜዋለሁ" አሉ እህታቸው እየተነሱ። "ምን ምርጫ አለኝ? ያንተ አፍ እንደሆን ከተዘጋ ከበሩ ይብሳል።"

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሕዝቡ በሩ ፊት ተሰበሰበ። በሩ ለሥርዓቱ ሲባል ተዘግቷል፣ ስለዚህ ባለጋሪዎቹ በውስጥም በውጭም ቆመው ያጉረመርማሉ። እህታቸው ፊት ለፊት በርጩማቸው ላይ ናቸው። ወራሿ የአዛዡ ልጅ ናት፤ ቅጥሩን ከሚጠግኑ ግንበኞች ጋር ስትሠራ የኖረች፣ ጥፍሯ ሥር ኖራ የማይጠፋ ሴት። እጇን ልትታጠብ ብትሞክርም ኖራው አልለቀቀም።

"እጅዎ በረዶ ሆኗል አባባ" አለች መዳፏን ከሥሩ ስታስገባ።

"አይታወቀኝም።"

"አውቃለሁ። እኔን ነው የበረደኝ።"

አዛዡ ለዚህ ደቂቃ የተዘጋጁት ባለመዘጋጀት ነበር። የተለመደውን ቃል ይናገራሉ፣ ድንጋዩ እምቢ ይላል፣ ሕዝቡ ያያቸዋል፣ ነገሩ ያበቃል። እርሳቸው ምንም ማድረግ አያስፈልጋቸውም።

"ይህ በር በጦርነት ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋው" አሉ፣ "የኋላ ጦሩ ሸሽቶ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ነው።"

ጠበቁ።

በሩ አጉረመረመ። ከዚያ እንደ ዘወትሩ፣ በጉጉት ዘይት ለስልሶ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ሕዝቡ እልል አለ። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ። ከውጭ ያለው ባለጋሪ ጅራፉን አንስቶ ለመግባት ተዘጋጀ። ልጃቸው በሩ ታዘዘኝ ብላ ሳቀች። አዛዡ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ እንደተዉ እህታቸውን አዩ። እህታቸው አላለቀሱም። ተነሱ፣ በርጩማቸውን አንስተው በብብታቸው ያዙት፤ በአጠገባቸው ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ነው ያስጠበቅከኝ፣ ማሙሽ?" አሏቸው።

ድንጋዩ የሚያውቀው ዘርን ነበር። እውነት አያውቅም። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ሲነግረው የኖረው ነገር ተረት ብቻ ሆኖ ቀረ።

"ዝጊው" አሉ አዛዡ ለልጃቸው።

"አባባ?"

"ዝጊው ልጄ።"

ዘጋችው። እልልታው ተቆራረጠና ቆመ። አዛዡ ከድንጋዩ ላይ እጃቸውን አንስተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ መዳፋቸውን ለሁሉም እንዲታይ ወደ ላይ ያዙ።

"እጄ ድንጋዩ ላይ የለም" አሉ። "ማንም አላስገደደኝም። የኋላ ጦሩ አልሸሸም። ድልድዩ ላይ ነበሩ፣ የእህቴ ልጅ ጠርቶኛል። ዘንዶው ገና ከወንዙ ማዶ ነበር። ፈርቼ ዘጋሁባቸው።" ድምፃቸው የእህል ዋጋ እንደሚያሳውቅ ሰው ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። "ጊዜ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

ከጎን በኩል፣ የዘይት ቆርቆሮውን እንደያዘ፣ ጉጉት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ነበር" አለ። "እኔም ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። ጊዜ ነበር።"

"አንተ ሽማግሌ! እስከ ዛሬ ምነው ሳትናገር?" አለው አንዱ ወጣት ወታደር።

"ድንጋዩ ይናገራል ብዬ ነዋ" አለ ጉጉት፤ ትልልቅ ዓይኖቹን መሬት ላይ ተከለ። "አንተስ አይቃጠልም ብለው የነገሩህን ሁሉ እሳት ውስጥ እየከተትክ ነው የምታየው?"

ከመኳንንቱ አንዱ ማዕረጋቸው ስለሚገፈፍበት ሁኔታ ጮክ ብሎ መናገር ጀመረ። አዛዡ የነሐስ ዓርማውን ከደረታቸው ፈትተው ሳይጨርስ አስረከቡት። ከቅጥሩ ማዶ አንድ ባለጋሪ፣ "እንግባ ወይስ እንውጣ? ወተቱ ሊበላሽ ነው!" እያለ ይጮኻል። ልጃቸው አባቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ምን እንዳሰበች ከፊቷ አልተነበበም። ከዚያ ዞራ ኖራ የነካው መዳፏን አሳረፈች፣ በሩም ተከፈተ። ወተቱ ገባ።

አዛዡ ወደ ጦር ቤቱ በእግራቸው ሄዱ። መንገድ ላይ ሰው ገለል አለላቸው፤ እንደ ቀድሞው ግን አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ እህታቸው በቦታቸው፣ በጋሻው ጀርባ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሄዱት ሁሉን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አዛዡ አላወቁም፤ አልጠየቁም።

"ከበርጩማሽ ተነሺልኝ እትዬ፤ ልቁምበት።"

እህታቸው ተነሡ። አዛዡ በርጩማው ላይ ወጡ። እህታቸው አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እንዳይወድቁ ደገፏቸው፤ በልጅነታቸው ዛፍ ሲወጡ እንደሚያደርጉት። አዛዡ ጋሻውን ከሚስማሩ አውርደው አዞሩት።

ፊቱ ጥቁር ነበር። ቀለሙ፣ ዓርማው፣ ጠርዙ ሁሉ ከስሏል። እናቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ያዩት ጀርባውን፣ እሳት ያልነካውን፣ የራሳቸውን ንጹሕ ስፌት ብቻ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ከሰሉን ነኩት። ጣታቸው ጠቆረ። ጣታቸውን አዩት፤ በቀሚሳቸው አልጠረጉትም።

"ወደ ላይ ይዞት ነበር" አሉ።

"ወደ ላይ ይዞት ነበር።"

አዛዡ ጋሻውን መልሰው ሰቀሉ። ሲወርዱ እህታቸው ቀኝ እጃቸውን ያዙ። ከአሮጌው የጋሻ እንጨት የተሰበረ ስንጥር መዳፋቸው ውስጥ ጠልቆ ገብቷል፤ ደም እስከ አንጓቸው ወርዷል። አላወቁትም ነበር። እህታቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት፣ በጥፍራቸው ይዘው ቀስ አድርገው መዘዙት።

"አያምህም?"

"አያመኝም።"

እህታቸው ስንጥሩን ትንሽ አዩትና ወለሉ ላይ ጣሉት። ከዚያ በርጩማውን አንስተው ከሚቀጥለው ጋሻ ሥር አኖሩት።

"ውጣ" አሉ። "የእነዚህም እናቶች አሉ።"