ጋሽ ይልማ በጆሯቸው ያነሱት ፎቶ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ሐሜቴን ተናገርኩ፣ ጾም መግደፌን ተናገርኩ፣ ከእህቴ ጋር መኳረፌንም አልደበቅሁም። ይህንን ግን ዘለልኩት። «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባቴ» አልኳቸው። ስለዚህ አሁን የምትሰሙት ካህን ያልሰማውን ነው።

በአጭሩ ልናገረው። የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ሰረቅሁ። ከዚያ «ምንም አልወጣልዎትም» ብዬ ዋሸኋቸው። ሰው ለአንድ ፎቶ ብሎ ይህን ያህል ይናዘዛል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ እንዲያ ብያለሁ። ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ!

ጋሽ ይልማን ያወቅኋቸው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ እንኖር ስለነበር ነው። እሳቸው አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ በዚያው ቀርተው፣ በፋብሪካ ላቦራቶሪ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሊያ ሀምቡርግ ትኖራለች።

ፍቅራቸው አውሮፕላን ነበር። መሳፈሩ አይደለም፤ ቆሞ ማየቱና ፎቶ ማንሳቱ። በፍራንክፈርት አየር ማረፊያ አጥር ዙሪያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል። ትንሽ መሰላልና ቴርሞስ ይዘው ይመጡና ሌንሳቸውን ከአጥሩ በላይ አሻግረው ሰዓታት ይቆማሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ሥራ ፈቶች መስለውኝ ነበር። ጋሽ ይልማን በመኪናዬ ሳደርስ፣ ስጠብቃቸውም ቀስ በቀስ እኔም ለመድኩት። እኔ ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ፣ መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስለጥፍ የምውል ሴት ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቀና ብዬ ሰማይ የማየው እዚያ አጥር ሥር ብቻ ነበር። ካሜራ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «አውሮፕላኑን አታሳጅው፤ የሚደርስበት ቦታ ቀድመሽ ጠብቂው» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው ታመመ። ማኩላ ይሉታል፤ ዳር ዳሩ እየታየ መሃሉ ይጠፋል። በየስድስት ሳምንቱ መርፌ ዓይናቸው ውስጥ ይወጉ ነበር። መርፌው በሽታውን ሊያዘገየው ይችላል እንጂ አያድነውም። መወጋቱን አምርረው ይጠሉት ነበር። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ያነሱትን ማየት ስላልቻሉ ካርዱን እኔ ቤት ወስጄ በኮምፒውተር እመርጥላቸዋለሁ። ደህና የወጣውን በትልቁ አሳትሜ ስሰጣቸው በማጉያ መነጽር ጥግ ጥጉን ያዩታል።

የአጥሩ ሰዎች ፌርአይን አላቸው፤ ማኅበር መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከአባላቱ አሥራ ሁለት ፎቶ መርጠው የቀን መቁጠሪያ ያሳትማሉ። ጋሽ ይልማ ዓይናቸው ደህና ሳለ አራት ጊዜ ተመርጠዋል። እኔ ሦስት ዓመት ልኬ አንድም ጊዜ አልተመረጥኩም። «የይልማ ሾፌር» ነበር የሚሉኝ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ቀልዱን ቤት ድረስ ይዤው እገባ ነበር።

ዕለቱ የመስከረም ቅዳሜ ነው። ዝናቡ ጥሎ አባርቷል፤ ማኮብኮቢያው ረጥቦ ያብረቀርቃል። አንድ ያረጀ ባለ አራት ሞተር ጃምቦ ጭነት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ከሥራ ይሰናበታል ስለተባለ አጥሩ ሥር ሰው በዝቷል። ለማረፍ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል ተብሎ ስንጠብቅ ስልኬ ጠራ። የሺሽት፣ የሥራ ፈረቃ አለቃዬ ነው፤ ሰው ስለጎደለበት እሑድ እንድገባ ይለምነኛል። ጫጫታው አላሰማ ቢለኝ ወደ መኪናው ራቅ አልኩ። ስንጨቃጨቅ ጃምቦው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ዞር ስል ጎማው መሬት ነክቷል። የእኔ ካሜራ ትከሻዬ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ሮጬ ስመለስ ጋሽ ይልማ መሰላላቸው ላይ ቆመው ካሜራቸውን ከፊታቸው ዝቅ እያደረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ አነሱት?»

«በጆሮዬ አነሳሁት!» አሉ እየሳቁ። «አራት ሞተር ሲመጣ አይጠፋኝም። ድምፁ እፊቴ ሲደርስ ተጫንኩ። አንቺስ?»

«አመለጠኝ።»

«አይዞሽ።»

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ እንዲህ አሉኝ፤

«ወይንሸት፣ ሰኞ የዓይን ሐኪም ቴርሚን አለኝ፤ የመርፌው ቀጠሮ። መሄዴን እንጃ። ሰለቸኝ። ከዛሬው አንድ፣ አንዲት ብቻ ደህና ከወጣችልኝ እሄዳለሁ። ካልወጣች ይብቃኝ። ምን ላይበት ነው የምወጋው?»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ ጋሼ።»

«የምሬን ነው።»

የምራቸውን እንደሆነ አውቄያለሁ። ይህችን አስምሩባት። ሳላውቅ አይደለም ያደረግሁት።

አመሻሽ ላይ ካርዱን ከፈትኩ። አብዛኛው ባዶ ሰማይ ነው፤ የአጥር ሽቦ፣ የጭራ ቁራጭ። ከዚያ አንዲቷ መጣች። ጃምቦው መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል። እርጥቡ አየር በሁለቱ ክንፎቹ ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቷል። ከታች ውሃው ላይ ራሱ ጃምቦው ይታያል። ምስሉ ጥርት ከማለቱ የተነሳ አብራሪው አንገቱን ሰገግ ማድረጉ እንኳ ይለያል። ከዚያ አጥር ሥር እንዲህ ያለ ፎቶ ያነሳ ሰው አላየሁም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልደውልላቸው ስልኬን አንስቼ ቁጥራቸውን አውጥቼ ነበር። ወዲያው የቀን መቁጠሪያው ፎቶ ማስገቢያ ጊዜ ነገ እንደሚያበቃ ትዝ አለኝ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩ፤ ከካርዱ ላይ አጠፋሁ። በስሜ ላክሁት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ስንት ደቂቃ የፈጀብኝ ይመስላችኋል? ያፈላሁት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ወረድኩ። በራቸውን ከፍተው ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

«እህስ?»

«ምንም የለም ጋሼ። ሁሉም ደብዝዟል።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«እንግዲህ ተመስገን» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ካሜራቸውን ከነቦርሳው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ውሰጂው፣ ላንቺ ይሁን። እኔ ጋ አቧራ ነው የሚለብሰው።» ተቀበልኩ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። መርቀው ሸኙኝ።

ሰኞ ጠዋት ቴርሚናቸውን ሰረዙ። ሰኞ በራቸውን አንኳኩቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ማክሰኞም እችል ነበር። ቀኑ አለፈ እንጂ ሌላ ቴርሚን አይታጣም። ደረጃው በራቸው ላይ ነው የሚያልፈው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ አልፈዋለሁ፣ ማታ ስመለስ አልፈዋለሁ። ዋሸሁ ስል አንድ ጊዜ የዋሸሁ እንዳይመስላችሁ። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ዋሽቻለሁ።

ፎቶው ተመረጠ። የአጥሩ ሰዎች አጨበጨቡልኝ፤ «ሾፌር» ማለቱንም ተዉ። የቀን መቁጠሪያው ሲታተም አንዱን ለጋሽ ይልማ ወሰድኩላቸው። ለምን ወሰድኩ? እንጃ። ባልወስድ ይጠረጥሩኛል ብዬ ይሆናል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በዓይናቸው ዳር ሊያዩት ሞከሩ።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይታያል?»

የራሳቸውን ፎቶ ለራሳቸው ተረክሁላቸው። ክንፉን፣ ውሃውን፣ አብራሪውን። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ያ ጃምቦ ነው? አምልጦኛል ብለሽኝ አልነበር?»

«ሌላ ነው ጋሼ። በሌላ ቀን ያነሳሁት።»

«ጎበዝ» አሉኝ። «ጎበዝ ልጄ።»

ለፋሲካ የሰው ፊት መለየት አቁመው ነበር። እኔን በእርምጃዬ ነበር የሚያውቁኝ። ሊያ ከሀምቡርግ መጥታ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። አባቷ መርፌውን ለምን እንደተዉ ሊነግሯት አልፈለጉም። «ላንቺ ያሉሽ ነገር አለ?» አለችኝ። «ሰለቸኝ ነው ያሉት» አልኳት። ብለዋል እኮ። ውሸት አልነበረም። ከተናገርኩት ሁሉ ግን እንደዚህች እውነት የቆሸሸ ነገር የለኝም።

ሐኪሙ ለሊያ «ቢወጉም ኖሮ እንዲሁ ሊሆን ይችል ነበር» ብሏታል። እዚህች «ሊሆን ይችል ነበር» ላይ ስንት ዓመት ተደገፍኩ! ላይሆንም ይችል ነበር። ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጋሽ ይልማ ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ሕመም አረፉ። እስከ መጨረሻው ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮት ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ከበላያቸው የሚያልፈውን በድምፁ እየለዩ ይነግሩኛል፤ እኔም አብሬ ተቀምጬ አዎ ጋሼ፣ ልክ ነዎት እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለፌርአይኑ ጻፍኩ። ፎቶው የጋሽ ይልማ እንደሆነ፣ ሲላክ ስም መቀያየሩን ገለጽኩ። «መቀያየሩን!» ሌብነቴን የጽሕፈት ስሕተት አድርጌ አቀረብኩት። ለሐቀኝነቴ አመስግነው መለሱልኝ፤ ስሙንም እናስተካክላለን አሉ። ምስጋናቸውን ሳነብ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ብቻዬን ነበርኩ፣ ሥራው አድክሞኝ ነበር፣ ሰው ንቆኝ ነበር ብዬ ሰበብ አልደረድርም። የደከመው ሁሉ የሰው ዓይን አያጠፋም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሞተዋል። በሕይወት ያለችው ሊያ ናት። የአባቷን ዓይን ታሪክ ማወቅ የሚገባት እሷ ናት፤ ስልኳ አለኝ፣ አድራሻዋን አውቀዋለሁ። ሊያ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው። አማርኛ ትንሽ ትሰማለች እንጂ ፊደሉን አትቆጥርም፤ ማንበብ የምትችለው ጀርመንኛ ነው። እኔም ጀርመንኛ መጻፍ አያቅተኝም፤ ለፌርአይኑ የጻፍኩት በጀርመንኛ ነው።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ስጽፍ እሷ እንደማታነበው ዘንግቼው ነው?

አልዘነጋሁም።