ጎረቤቴ ጅማን ለሌላ ሰው ስታሳይ

ጅማ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ከጎጃም። ያኔ አስተማሪ የሚሄደው ወደ ወደደው ሳይሆን ወደ ታዘዘው ነው። ቀበሌው አንዲት ክፍል ቤት ሰጠኝና ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሳልወጣ ሰነበትኩ። ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ነጠላዬን በቦርሳ ይዤ፣ በሩ ጋ ስደርስ ነበር የምለብሰው። አስተማሪ ስትሳለም ያየ ካድሬ በማግስቱ በውይይት ክበብ ስለ ንቃተ ኅሊና ረጅም ንግግር ያደርግ ነበርና፣ መጠንቀቁ አይከፋም።

ከዚያ ብቸኝነት ያወጣችኝ ጎረቤቴ ናት። የጅማ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ልብስ ሰፊ። በዕድሜ ብትበልጠኝም «አንቺ በዪኝ፣ አታስረጂኝ» ያለችኝ ሴት። ትምህርት በሌለበት አንድ ሐሙስ በሬን አንኳኳችና፣ «ኮቱ፣ ነይ ተነሺ፤ ሰው የሚኖርበትን አገር ሳያይ ይኖራል?» ብላ ከአዌቱ ድልድይ እስከ ጅሬን ኮረብታ በእግር አዞረችኝ። ገና ድልድዩ ጋ ሳምቡሳ ልትገዛልኝ ስትል፣ የነቢያት ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም አልኳት። «እንግዲያው እኔም ዘጠኝ ሰዓት እበላለሁ» አለችና ያን ሁሉ ዳገት ባዶ ሆዷን አብራኝ ወጣች። የሌላ እምነት ሰው ስለ እኔ ሲራብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመድሽ ማን ነው ብባል እሷን ነበር የምጠራው።

በየዓመቱ ታኅሣሥ፣ ቡና ሲለቀም፣ እናቷ ዘንድ፣ የቡ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሩቅ አይደለም፤ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ነው የሚኬደው። ሌላ ሰው ጠርታ አታውቅም። እኔም ደብረ ታቦርን፣ መስቀልን፣ ኅዳር ሚካኤልን የማሳልፈው ያቺን ጉዞ እየጠበቅሁ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት አዲስ አስተማሪ ከወለጋ መጣች። ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ጴንጤ። ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶባቸው በየሰው ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩበት ጊዜ ስለነበር አዘንኩላት። ከጎረቤቴ ጋር ያስተዋወቅኳትም እኔው ነኝ።

ጎረቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየቻት። «ይቺ ከተማውን አይታለች?»

«የት አይታ» አልኩ።

«እንግዲያው ሐሙስ ትምህርት የላችሁም፤ እናዞራታለን።»

«እናዞራታለን» ማለቷ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። እኔም ከአስጎብኚዎቹ አንዷ የምሆን መስሎኝ።

ሐሙስ ከድልድዩ ጀመርን። አሁንም የነቢያት ጾም ነው። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴት ገና ዘይቷን እያሞቀች ነበር። ጎረቤቴ፣ «የሥጋ ነው፤ ያረድነው እኛ ነን፤ እንዳትይኝ ኋላ» ብላ ልጅቷን አስጠነቀቀቻት።

«ተባርኮ የማይበላ ምን አለ፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗን ጨፍና ጸለየችና ነከሰች።

ጎረቤቴ እስክትፈርስ ሳቀች። ከዚያ አንዷን ለራሷ አነሳች። እያየኋት ነው። እጇ ወደ አፏ ሲሄድ ዘወር ብላ፣ «አንቺ ዘጠኝ ሰዓት ነሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«አላህ ይቀበልሽ» አለችና ጎረሰች።

ጾሙ ያው ጾም ነው፤ መንገዱም ያው መንገድ።

ገበያ ገባን። ከበርጩማ ጠራቢዎቹ ዘንድ ልጅቷን አንዱ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፤ እኔ ቆሜያለሁ። ማር ሻጩ በቅጠል አስቀመሳት። ጩኮ የምትሸጠዋ ሴት ጋ፣ ያቺ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የምታሸው፣ ጎረቤቴ በገዛ እጇ ቆንጥራ አጎረሰቻት። «ኛዱ፣ ብዪ እንጂ፤ ወለጋ ሰው እንዲህ ይከሳል?» ልጅቷ በኦሮምኛ መለሰችላት፤ ጎረቤቴም በኦሮምኛ፤ ጩኮ ሻጯም ገባችበት፤ ሦስቱም ተሳሳቁ። እኔ ኦሮምኛ ገበያ የሚያስገዛኝን ያህል አውቅ ነበር። ለሳቅ ግን አይበቃም። ስለ ምን እንደሳቁ ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

የባሰው ፈረንጅ አራዳ፣ የሱቆቹ ሰፈር ስንደርስ ነው። አንድ ሱቅ በር ላይ ስትደርስ ጎረቤቴ እርምጃዋን ገታ አደረገች፤ ልቤ ዐወቀው። «የሰርግ ልብሴ ጨርቅ የተገዛው እዚህ ነው። የሰፋው ሰውዬ ያንዱን እጅጌ አሳጠረው። ሰርጌን ሙሉ ክንዴን አጥፌ ተቀመጥኩ፤ ሰው ግን...» እዚህ ላይ ዝም ትላለች፤ ለእኔም ስትነግረኝ እዚሁ ላይ ነው ዝም ያለችው፤ «...ሰው ግን ሙሽራዋ ኩሩ ናት አለ።»

ይህን ለማንም ያልነገረችው፣ ለእኔ ብቻ ያወጣችው ምስጢር ይመስለኝ ነበር። ልብስ ሰፊ የሆነችውም በዚያ እልህ ነው ብዬ፣ አዝኜላት ሁሉ ነበር። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ያኔ ስትነግረኝ የሳቅኩ አይመስለኝም፤ ልጅቷ ግን እንዴት እንደሚሳቅ ታውቅበታለች።

ጅሬን ስንደርስ ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር። ያ የድሮው የጅማ ንጉሥ ትልቅ የእንጨት ቤተ መንግሥት፣ በረንዳው ሰፊ፣ በየግንዱ ጌጥ የተቀረጸበት፣ ከተማውን ቁልቁል ያያል። በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጎረቤቴን ሲያዩ ተነሡ።

«ደህና ዋሉ፣ አባባ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ዘንድሮ ደግሞ ይቺን አመጣሽ?»

«አዎ፤ አዲሷን።»

«ያቺ ነርሷስ? የሐረሯ ልጅ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን የምትልጠው?»

«እሷማ ተዛወረች፤ ቆየች።»

«ከሷ በፊት የነበረችውስ፣ ያቺ ወፍራሟ?»

«እሷ አገባች፣ አባባ። እርስዎ ደግሞ ሁሉን ያስታውሳሉ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺንም አውቅሻለሁ። ሳትበይ የመጣሽው።»

በረንዳው ላይ የመጀመሪያዋ እኔ እንደሆንኩ አምኜ ነበር የኖርኩት። ለካ በየጊዜው ምደባ የጣላትን ሴት ሁሉ ይህን ዳገት ታወጣታለች። በዚያች ልጅ ብቻ ስቀና ውዬ፣ አሁን ባላየኋት ነርስና ባላወቅኳት ወፍራም ሴት ጭምር ቀናሁ። ጾም የዓይንም የልብም ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ያን ቀን የጾመው ሆዴ ብቻ ነው።

ስንወርድ ጎረቤቴ ልጅቷን እንዲህ አለቻት፤ «በታኅሣሥ እናቴ ዘንድ የቡ እንሄዳለን። ቡና እንለቅማለን። ትመጫለሽ?»

«እንዴት አልመጣ» አለች ልጅቷ።

ምን እንደነካኝ ሳላውቀው፣ «እኔ ዘንድሮ አይመቸኝም፤ ገብርኤል ነው» አልኩ።

«ገብርኤል ዓምናስ አልነበረም?»

«ዘንድሮ ስለት አለብኝ።»

ጎረቤቴ ስለት ላይ አትከራከርም። «እሺ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። እኔ «ነይ እንጂ» እስክትል ስጠብቅ አዌቱ ደረስን።

ስለት ግን አልነበረብኝም። በመላኩ ስም ውሸት ተናግሬ ማደር አልቻልኩምና፣ በማግስቱ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ። የተሳለ ሰው የሚለምነው ነገር ያስፈልገዋል። ከግድግዳው ሥር ቆሜ ብዙ አሰብኩ፤ ከልቤ የሚወጣው ልመና ግን አንድ ብቻ ነው። ያቺ ልጅ ዝውውር ደርሷት ወለጋ እናቷ ዘንድ እንድትመለስ፣ ያን ጊዜ ጥላ ላስገባ ተሳልኩ። ልመናው በጎ ነው። ልጅቷ ራሷም እናቴ ናፈቀችኝ ትል ነበር።

እነሱ የቡ ሄዱ፤ እኔ ገብርኤልን አነገሥኩ። ሰኞ ዕለት ልጅቷ ጣቶቿ በቡና ቅርፊት ጠቁረው፣ ፊቷ በርቶ አስተማሪዎች ክፍል መጣች።

«እትዬ፣ እናትየው ‹ጾመኛዋስ የታለች?› አሉ። አለመቅረትሽን አምነው፣ ቅቤ ያልነካው ወጥ ለብቻው ሠርተውልሽ ነበር። ኋላ እንዳይጣል ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ምን ልበልሽ፣ ከሌላው ሁሉ እሱ ይጣፍጣል። ጠርጌ በላሁት።»

«እሰይ፤ ደግ አደረግሽ» አልኳት። ሥጋውንም ቅቤውንም በልታ፣ የጾሜን እንኳ አልተወችልኝም።

ክረምቱ አልቆ የዝውውር ዝርዝር ሲለጠፍ ከእሷ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ስሟ የለም። ገብርኤል ዝም አለኝ፤ ጥላውም ቀረ። ኅዳር ሲጋመስ ግን ሌላ ዓመት እንዲሁ መዋል አልሆነልኝም፤ ጎረቤቴ ስፌት ላይ እያለች ገባሁ።

«የቡ መቼ ነው የምንሄደው?»

እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ፣ «ገብርኤልስ?» አለች።

«ከገብርኤል በፊት እንሂድ።»

«ዓምናም ከገብርኤል በፊት ብትዪ እንሄድ ነበር። ማን ከለከለሽ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ያን ቀን ከጅሬን ስንወርድ ፊትሽ እንዲህ ጠቁሮ፤ እኔ ደግሞ ጫማ የላጠሽ መሰለኝ። ልጠይቅሽ አስቤ፣ በጾም ሰው አላስለፍልፍ ብዬ ተውኩት።»

«ጫማው ነው» አልኳት።

ሦስታችንም ሄድን። የጭነት መኪናው መጥቶ ጎረቤቴ ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ገባች፤ ልጅቷ ለመከተል እግሯን አነሳች። «ቆዪ፣ እኔን ያዞረኛል» ብዬ ቀደምኳትና በእሷና በጎረቤቴ መሀል ተቀመጥኩ። የሚያዞረው ሰው መስኮት ይፈልጋል እንጂ መሀል አይገባም። ማንም ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም እስከ የቡ ድረስ አልተነቃነቅሁም።