አፍ የሌላት እናት

ሴት ልጄን በወለድሁ ማግስት ኮሮና ተገኘብኝ። አዋላጇ «ማጥባቱን እንዳታቋርጪ፤ ብቻ እጅሽን ታጠቢ፣ ማስክ አድርጊ፣ መስኮትሽን ክፈቺ» አለችኝ። ሊያርሱኝ ከአንበሳሜ ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤታችን የመጡት አማቴ ደግሞ ከበሩ ማዶ ሆነው «የሐይቁ ንፋስ ይመታሻል፣ ዝጊው!» ይላሉ። መልስ አልቆብኝ የማላውቀው እኔ፣ በማስክ ታፍኜ ዝም ብዬ ሰነበትሁ።

ሲሻለኝ ማስኩን አውልቄ ባቅፋት፣ ልጄ ፊቴን አይታ እሪ አለች። ጡቴንም ገፋችው። «እናትሽ ነኝ እኮ!» ብዬ ብቆጣ ባሰባት። በንዴት ማስኩን መልሼ ባጠልቀው፣ ጸጥ ብላ መጥባት ጀመረች።

ለካ አማቴ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ኖሯል። «አትፍረጂባት ልጄ» አሉኝ፤ «እኛም ያለ አፍ ለምደንሽ ነበር።»