የመቅደላው ልጅና የባለቤቴ መርዶ

በኮሮናው ክልከላ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ቤሪያ በሚባል ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተዘጋብን ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን። አራተኛው ቤተሰባችን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ሱቁ ውስጥ ሲሸጥ ይውልና እዚያው ያድር ነበር።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጄን ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ። እኔ የተማርኩት ከባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ካነበብኩት ነው። የመረጥኩላት መቅደላ የወደቀችበትን ዓመት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊቱ እየከዳው፣ መድፉን በገደል እያስጎተተ ወደ አምባው ወጣ።

"ቁጡ ሰው አገር አያቆምም" አልኳት።

"አንተስ አባዬ?"

እናቷ ከማድቤት ሳቀች።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ወንድም በኮሮና ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሳይወጣም ሞተ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በስልክ ተመካከሩ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ነው የሚያረዳው። መሰብሰብ ደግሞ ተከልክሏል።

"ክልከላው እስኪነሳ ሚስትህ ሳትሰማ ትቆይ" አሉኝ። "ብቻዋን አትስበራት።"

ተስማማሁ። ገበያ ልሂድ ብዬ ወጥቼ፣ ጥቂቶች ሆነን ቀበርነው። ለባለቤቴ ግን ሆስፒታሉ ስልክ አያስገባም አልኳት። ማታ ማታ ወንድሟ እንዲፈወስ ስትጸልይ እኔም "አሜን" እል ነበር።

ትምህርታችን አምባው ወድቆ፣ ንጉሡ ራሱን ገድሎ፣ እንግሊዞች ትንሹን ልዑል ከእናቱ ጋር ይዘው ሲሄዱ ላይ ደረሰ። እናቱ መንገድ ላይ ሞተች።

"መርዶውን ማን ነገረው?" አለች ልጄ።

"መጽሐፉ አይልም።"

"ዘመድ ከሌለውስ? እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል?"

ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ዞራ ፊቴን አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ የእኔዎቹስ መቼ ነው የሚሰበሰቡት?"

መጽሐፉን ዘጋሁት። ያን ጊዜ ገባት።

"ተቀበረ?"

"ተቀበረ።"

"ትናንት ማታ እኮ አሜን ብለሃል" አለችኝ፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሥርዓቱን ዛሬም አልነቅፍም፤ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ይሰበራል። ያስከፈለንን ግን መደበቅ ኃጢአት ነው። ወንድም የእህቱ እንባ ሳይወርድለት አፈር ገባ። ሽማግሌዎቹ ክልከላው ሲነሳ መጥተው ደጅ ቆመው ተመለሱ፤ በሩን አልከፈተችላቸውም። ልጄ ታሪክ በጀመርኩ ቁጥር "ይሄስ እውነት ነው?" ትለኛለች። ባለቤቴም እስካሁን የምትጸልየው ሌላ ክፍል ገብታ፣ በሩን ዘግታ ነው።