ለብቻ የተበላ ጭኮ

ሰሞኑን አሰላ ጸጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ ጦርነት እንዴት እንደሚያበቃ ያወራ ነበር። ተሸናፊው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እጁን ካልሰጠ ሰላሙ አይጸናም ባይ ነው። የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔም በአስራ ስምንት ዓመቴ እንደዚሁ ነበር የማስበው። ከድር ትዝ አለኝ።

ከድርና እኔ የጢቾ ልጆች ነን። አሰላ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ድስት እየበላን እንማር ነበር። ክረምት ሲገባ የጭላሎ ተራራ በጉም ይሸፈናል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ እኛ ግን አንድ ጃንጥላ ስር እየተጋፋን፣ እየተሳሳቅን እንሄዳለን። ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል።

እኔ ከትምህርት እየቀረሁ ሩጫ ልምምድ እሄድ ነበር። ከድር ለአባቴ ነገረብኝ። አባቴም ከጢቾ ድረስ መጥቶ ልክ ልኬን ነገረኝ። በማግስቱ ከድርን በክፍሉ ልጆች ፊት "ጆሮ ጠቢ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት እያደርን መነጋገር ቀረ።

ወር ሲሞላን ከድር አከራያችንን ሐጂን ሽማግሌ ላከብኝ። እናቱ የላኩለትን ጭኮም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ። እኛ ዘንድ ታርቆ አብሮ ያልበላ፣ ታረቀ አይባልም። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ለአባቴ መናገሩ ጥፋት ነው፤ እኔ ግን "ጆሮ ጠቢ" ያልኩባትን ያችን ቃል እንዳነሳለት ነው።

"ግን የሚባል ነገር የለም" አልኳቸው። "በክፍሉ ልጆች ፊት ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው ይበል።"

"ልጄ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። አንሳለትና ብሉ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ፣ አላነሳም።"

ከድር ይህ ሲነገረው "ቶሌ፣ እሺ" ብቻ አለ። በማግስቱ ልጆቹ ፊት ቆሞ ያልኩትን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ደረቴን ነፍቼ ቤት ስገባ ፍራሹን ጠቅልሎ ወጥቷል። ጭኮው እንዳለ ነበር።

ጭኮ ቶሎ አይበላሽም። ያን ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለብቻዬ እየቆነጠርኩ በላሁት። የእናቱ እጅ ግሩም ነበር። አሸንፌ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ከድር አሁን አቦምሳ እህል ይነግዳል አሉ። ተራዬ ሲደርስ ጸጉር አስተካካዩን አሳምረህ ቁረጠኝ አልኩት፤ ነገ መንገደኛ ነኝ። ልጄ እቤት ጭኮ እያሸች ነው። ያችን ቃል አነሳለታለሁ። በኔ በኩል ቅድመ ሁኔታ የለም፤ አብሮኝ ቢበላ ግን ደስ ይለኛል።